የኤርሜስ ፊርማ

ዲሴምበር 1፣ ቅዳሜ

የክለቡ የዓመት መዝጊያ እራት ነበር። እግሬ አብጧል፤ ባጭሩ ልጻፍና ልተኛ። ሊቀመንበራችን ቫሌሪያኖ እንደ ልማዱ ንግግሩን አስረዝሞ ሾርባውን አቀዘቀዘብን። መካኒኩ ቱሊዮ ሞቅ ብሎት ዘፈነ። እኔን ደግሞ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችን ጸሐፊ» ብለው አስነስተው አጨበጨቡልኝ። በዓመት አንድ ቀን ያጨበጭባሉ፤ የቀረውን ቀን «ፌዶራ፣ ወረቀቴ የት ደረሰ?» ይላሉ።

ኤርሜስ ከኋላዬ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አለኝ። አኮርዲዮኑ አጠገቤ ስለነበር ምንም አልሰማሁም። ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት። ሰማያዊውን ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ልብሱን የሚያይለት የለም።

ዲሴምበር 9፣ እሑድ

ዝናብ። ለብስክሌት የወጣ የለም። ከቫሌሪያኖ ቡና ቤት ጀርባ ባለችው የክለቡ ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ የመጪውን ዓመት የአባልነትና የውድድር ፈቃድ ማመልከቻ ጨረስኩ። አርባ ሰባት ሰው። እንደየዓመቱ ሁሉንም እኔው ፈረምኩላቸው። ደንቡ እያንዳንዱ በገዛ እጁ ይፈርም ይላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እነዚህን አያውቋቸውም። አንድ ወረቀት ለማስፈረም ሦስት ሳምንት ነው የሚያስለምኑኝ። «አንቺው ፈርሚልኝ» ማለት እዚህ መንደር እንደ እንደምን አደርሽ ነው።

የሁሉንም እጅ በቃሌ አውቀዋለሁ። የቱሊዮ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። የቫሌሪያኖ የሚኒስትር ነው። የኤርሜስ የመጀመሪያው ፊደል ሦስት ጥርስ ያለው ሹካ ሆኖ፣ የመጨረሻው ጭራ ከመስመሩ ወርዶ ይሄዳል። ግንበኛ ስለነበር ቦታ አይሰስትም።

የእሱን መጨረሻ ላይ ፈረምኩ። በፊደል ተራ ግን መጨረሻ አልነበረም። ነገ ማለዳ ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ እገኛለሁ። ምን እንዳስቸኮለኝ እንጃ፤ ቀነ ገደቡ ገና ወር አለው።

ዲሴምበር 21

ኤርሜስ አልመጣም። በየዓመቱ ከገና በፊት የሐኪም ወረቀቱን ራሱ ነበር የሚያመጣልኝ። ሌሎቹ በስልክ ፎቶ ይልካሉ። እሱ እንዳይጨማደድ ደረቱ ውስጥ ከቶ ያመጣውና «ልቤ ገና ይመታል ብለዋል» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወንበር ስቦ መንደሪን እየላጠ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ብዙም አናወራም።

ዘንድሮ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ጡረተኛ ሰው ምን ሥራ ይበዛበታል፣ አንቺ ሞኝ።

ጃንዋሪ 8

ከክፍለ ሀገሩ ኮሚቴ ተደወለ። ኤርሜስ ጋርዴሊ ሁለት ክለብ ውስጥ ተመዝግቦ ተገኝቷል፤ በእኛና በካስተልኔሮ። ሁለት ማመልከቻ፣ ሁለት ፊርማ። የደወለችው ልጅ ደንቡን ታነብልኝ ጀመረች፤ ተይው አልኳት። ለአንድ ዓመት ሁለት ቦታ የፈረመ ጉዳዩ እስኪታይ ይታገዳል። ጥፋተኛ ከተባለ ዓመቱን ሙሉ አይወዳደርም።

ካስተልኔሮ። አርባ ኪሎ ሜትር። ልጁ አይሪስ ያለችበት።

ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ጃንዋሪ 12

ጉድ ፈላ። ኮሚቴው ኤርሜስን ጠርቶ ጠይቆታል። እሱም «ሁለቱንም የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ረስቼ ነው» ብሏቸዋል። ወሬው ከእኔ በፊት ቡና ቤት ደርሶ ጠበቀኝ። ቱሊዮ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሰውየው ጃጅቷል፣ ነገ ደግሞ ሁለት ሱሪ ደርቦ ይመጣል ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ሳቅሁ። ይህን እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

ኤርሜስ የእኛን ማመልከቻ በዓይኑ አላየውም። እንዳልፈረመ ያውቃል፣ ማን እንደሚፈርምለትም ያውቃል። ታዲያ ለምን እንዲህ አለ? ቫሌሪያኖ ወደ ጓዳ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝም አይነቅዝም፣ ሰውየው ራሱ ተቀብሎታል፣ አንቺን ምን አገባሽ አለኝ። እሺ አልኩት። ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩት አላውቅም።

ስህተት ነው። ሰው አርባ ሰባት ወረቀት ሲሞላ አንድ ስህተት አይጠፋም። የሚለቅ ሰው መልቀቂያውን ቀድሞ ይጠይቃል፤ አልጠየቀኝም።

ጃንዋሪ 20፣ እሑድ

ደስ የሚል ብርድና ፀሐይ። ሠላሳ ሰዎች አደባባዩ ላይ ተሰብስበው ወጡ። እኔ እንደሁልጊዜው ስማቸውን መዝግቤ እስከ ድልድዩ በዓይኔ ሸኘኋቸው። የእኛ ማልያ ቢጫ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። አንዱን ጀርባ ስፈልግ ራሴን ያዝኩት።

ኤርሜስ ከገና ጀምሮ ልጁ ዘንድ ምድር ቤት ገብቷል አሉ። እዚህ ሳለ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ በልብስ መጠገኛ ሱቄ ፊት ያልፍ ነበር። ደወል የለውም፤ ፍሬኑን ነካ ያደርጋል፣ እኔም ቀና እላለሁ። ይኼው ነው፣ ሌላ የለም። አሁንም በዚያች ሰዓት ቀና እላለሁ። ትናንት የወይዘሮ ማልቪናን ቀሚስ እያጠበብኩ ቀና ስል መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ጠብ አለ። ለሴትዮዋ ምን እንዳልኳት አሁን ትዝ አይለኝም፤ አንድ ውሸት ዋሸሁ።

ናፍቆኛል። እዚህ ማንም አያነበውምና ልጻፈው፤ ናፍቆኛል።

ፌብሩዋሪ 3

ዛሬ ጉንፋን አስተኝቶኛል፣ ብዙ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ። የሚመጣብኝ ደግሞ የድሮ ነገር ብቻ ነው።

ሚስቱ በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ በጁን፣ ኤርሜስ የፈቃድ ካርዱን ሊወስድ መጣ። ካርዱን ይዞ አልሄድ አለ። ኮፍያውን ሲያዞር ቆየና በሚቀጥለው እሑድ ውድድር የለኝም፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርደን ዓሣ እንብላ ወይ አለኝ። እናቴ ያኔ አልጋ ላይ ነበረች። እናቴን ማን ያይልኛል አልኩት። እውነት ነው፣ የሚያይልኝ አልነበረም። ግን ጎረቤቴን ለግማሽ ቀን ብለምናት እምቢ ትለኝ ነበር? አትለኝም። ፈርቼ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ዓሣ እንብላ ብሎኝ አያውቅም፤ ምን እንደሚለበስ እንኳ አላውቅም ነበር። እሱም እሺ፣ ልክ ነሽ ብሎ ሄደ።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ አራት ዓመት ጠበቅሁ። እሱ ወረቀቱን ያመጣል፣ ወንበሩን ይስባል፣ እኔ ማህተም እመታለሁ። እኔ ልጠይቀው እችል ነበር እኮ። አፍ አለኝ። ለአርባ ሰባት ወንድ በየቀኑ የምጮህበት አፍ ለዚህ ሲሆን የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው።

ፌብሩዋሪ 9

አይሪስ ሱቅ መጣች። የአባቷን ቤት አራግፋ ስትጨርስ መጋረጃዎቹን እንዳሳጥርላት አመጣችልኝ። ወገቧን ይዛ ቆማ ስለ መጋረጃው ስታወራ ቆየች፤ ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ እሱ ጀመረች።

ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚውለው አለችኝ። ጎማውን ይነፋል፣ ያስተነፍሳል፣ እንደገና ይነፋል። ካስተልኔሮዎች ለፋሲካ ማግስት የሽማግሌዎች ውድድር ለቡድናቸው መርጠውት ነበር። አሁን ያለ ፈቃድ ለልምምድ እንኳ አብሯቸው መውጣት አይችልም፣ መድን የለውማ። ብቻውን በወንዙ መንገድ ወጣ ይልና በግማሽ ሰዓት ይመለሳል።

«ስድሳ ስድስት ሞላው ፌዶራ፤ ለእሱ አንድ ዓመት ቀልድ አይደለም። ሐኪሙ እስከ መቼ እንደሚፈርምለትም አይታወቅም» አለችኝ። «ደግሞ ይገርምዎታል፣ አባባ በሕይወቱ አንድ ወረቀት ረስቶ አያውቅም። እንዴት ነው ሁለት ቦታ የፈረምከው ስለው ይቆጣኛል።»

መጋረጃውን ስንት ላሳጥረው አልኳት።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ አባቷ ሰላም በያት ማለቱን ነገረችኝ። አንጀቴን በላው። ሰላምታ ይልክልኛል ደግሞ!

ፌብሩዋሪ 11

ሰምቻለሁ።

በእራቱ ቀን ኤርሜስ ያለኝን ሰምቻለሁ። አኮርዲዮኑ አጠገቤ አልነበረም፣ መድረክ ላይ ነበር፤ ደግሞም ተጫዋቾቹ ዕረፍት ወስደው ነበር። «ወደ ልጄ ልሄድ ነው፤ ለካስተልኔሮ የምሰጠው መልቀቂያ አዘጋጂልኝ» ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ የፌዶራ ራስ ከተነቀነቀ ወረቀቱ አለቀ ብሎ ሄዶ ፈረመ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አታልዬው አላውቅማ።

በስምንተኛው ቀን ስሙን ጻፍኩ። ፊርማው እኛ ዘንድ ካለ የትም አይሄድም ብዬ ነበር። እንዲህ ብዬ ማሰቤን እንኳ ለራሴ አልነገርኩትም፤ እጄ ግን ያውቅ ነበር። ይኼው ከዚህ ሄዷል፣ እዚያም አልደረሰም። ሰውየውን ጋራዥ ውስጥ ቆልፌበት ቁጭ ብያለሁ።

ፌብሩዋሪ 16

ለቫሌሪያኖ ነገርኩት። ለኮሚቴው ልናገር ነው አልኩ። ፊቱ እንደ ጨው ነጣ።

ከዚያ ቁጣው መጣ። አንዱን ፊርማ ካሳየሻቸው የቀሩትን አርባ ስድስቱን አያዩም ወይ አለኝ። ሁሉም በአንቺ እጅ የተጻፈ ነው፤ አርባ ስድስት ሰው ወቅቱ ሊጀመር ሲል ፈቃዱን ቢያጣ መንደሩ በድንጋይ ይወግርሻል፣ እኔም ድንጋይ አቀብላለሁ። እውነቱን ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

«ለአንድ ሰው ብለሽ?» አለኝ መጨረሻ ላይ።

ለደንቡ ነው አልኩት። ደንቡ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የረገጥኩትን ደንብ። ቫሌሪያኖ ለአፍታ ዓይኔን ሲያየኝ ቆየና ብርጭቆ መወልወል ጀመረ።

ፌብሩዋሪ 19

ሦስት ቀን አልተኛሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ፤ እንግዲህ እለቅማለሁ። አዲስ ማመልከቻ አወጣለሁ፣ አርባ ስድስቱንም ጠርቼ በገዛ እጃቸው አስፈርማለሁ፣ እሱን ይዤ እሄዳለሁ።

ማርች 2፣ ቅዳሜ

ምነው ቀድሜ ባደረግሁት! እንዲህ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ማልቀስም አማረኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም ደወልኩ። ለምን እንደሆነም አልደበቅሁም፤ የኤርሜስን ፊርማ እኔ እንደጻፍኩ፣ ልናገር እንደምሄድ፣ ያልመጣ ፈቃዱን እንደሚያጣ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እስከ አምስት ሰዓት ማንም አልመጣም፣ ቁጭ ብዬ በሩን አየሁ። ከዚያ ቱሊዮ እጁ በግራሶ እንደተጨማለቀ ገባ። አጎንብሶ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«የእኔ ፊርማ እንዴት ነበር? እስቲ አሳይኝ» አለ።

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈርሞ አያውቅም። ጥግ ላይ ጽፌ አሳየሁት፣ እሱም ምላሱን አውጥቶ እንደ ተማሪ ገለበጠው፤ አልመሰለም። «ያንቺው ይሻላል» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ሊሄድ ሲል ቆም አለና፣ ያን ቀን ስለ ኤርሜስ ስቀልድ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር፣ አፌን እይዝ ነበር አለኝ። እውነቱን ነው አልኩት።

እሱ ሲወጣ ሌሎቹ ተከታትለው ገቡ። ለካ ተሰብስበው ቡና ቤቱ ውስጥ ማን ይቅደም ሲባባሉ ነበር። አንዱ መነጽሩን ረስቶ የሚስቱን አድርጎ ፈረመ። አንዱ ሳያናግረኝ ፈርሞ ወጣ። እስከ ማታ አርባ አምስት ሆኑ። ቫሌሪያኖ የለም። ክፍሉን ልዘጋ መብራቱን ሳጠፋ መጣ፤ ቆሞ ፈረመ። የሚኒስትሩ ፊርማ ተንቀጥቅጧል።

ማርች 14

ሄድኩ።

ሲልቬሪ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው ጉዳዩን የሚያዩት። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው አሉ። ጠረጴዛው ላይ አርባ ስድስቱን ወረቀት አስቀምጬ ነገሩን ከእራቱ ጀምሮ ተናገርኩ። መልቀቂያ መጠየቁን፣ መስማቴን፣ ራሴን መነቅነቄን። ሰውየው ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና፣ ጋርዴሊ ግን የፈረምኩት እኔ ነኝ ብሎ በጽሑፍ ሰጥቶናል፤ ከሁለታችሁ ማንን ልመን አሉ። ባዶ ወረቀት ገፋ አድርገው ሰጡኝ።

«እስቲ ይጻፉት።»

ጻፍኩት። ሹካው፣ መሀሉ፣ ጭራው። ሳላስብ ነው የወጣው። ሰውየው ወረቀቱን ከእኛም ከካስተልኔሮም ማመልከቻ ጎን አስቀምጠው በማጉያ መነጽር አዩ። ከዚያ መነጽሩን አስቀመጡ።

«የካስተልኔሮው ነው የተጭበረበረ የሚመስለው» አሉ። «ይህን ስም ስንት ጊዜ ጽፈውት ያውቃሉ?»

«በዓመት አንድ ጊዜ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«በአሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ አይለመድም፣ ወይዘሪት ፌዶራ።»

ቦርሳዬን አነሳሁ። እሳቸውም አልደገሙትም። ሲሸኙኝ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። በባቡር ስመለስ ፊቴ እስከ መንደር ድረስ እንደጋለ ነበር።

ማርች 29

ደብዳቤው መጣ። ኤርሜስ ነጻ ነው፤ በካስተልኔሮ ስም ፈቃዱ ይሰጠዋል። ክለባችን ማስጠንቀቂያ። እኔ ለሁለት ዓመት በየትኛውም ክለብ ምንም ኃላፊነት መያዝ አልችልም።

ቁልፉን ለቱሊዮ ሰጠሁ። እሱ ነው ጸሐፊ የሆነው፤ አምላክ ይርዳቸው።

ማርች 31፣ እሑድ

ሲወጡ ከመስኮት አየሁ። እሑድን ሰዎች እንዴት እንደሚያሳልፉት አላውቅም። ሁለት ጊዜ ወለል ወለወልኩ።

ከኤርሜስ ምንም የለም። ስልክም፣ ሰላምታም። ይገባኛል። እዚያ ተቀምጬ ስናገር ደስ ይለዋል ብዬ ነው? ጃጀ እያሉ ሲስቁበት ሁለት ወር ዝም ብዬ፣ ኋላ ብነግራቸው ምን ሊለኝ ነው?

ኤፕሪል 6

ሱቅ ውስጥ ስለ ፋሲካ ማግስቱ ውድድር ሲያወሩ ሰማሁ። አልሄድም።

ኤፕሪል 18

አልሄድም ብያለሁ።

ኤፕሪል 22፣ የፋሲካ ማግስት

ሄድኩ። በአውቶቡስ፣ አርባ ኪሎ ሜትር።

ካስተልኔሮ ዳገቱ ላይ ሰው ሁሉ ልጁንና ምሳውን ይዞ ወጥቷል። ስም የምመዘግብበት ወረቀት የለኝ፣ ቁጥር የምሰፋለት ሰው የለኝ፤ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ አለፉ። ኤርሜስ አረንጓዴ ማልያ ለብሷል፣ አያምርበትም። በመጀመሪያው ዙር አላየኝም። በሁለተኛው አየኝና መንገዱን ሳተ፤ ከኋላው ያለው ሰደበው። ዘጠነኛ ወጣ።

ልሂድ ብዬ ወደ አውቶቡሱ ስወርድ ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰብኝ። አጥሩ ላይ ተቀመጥን። ላቡ ገና አልደረቀም።

«ለምን ነገርሻቸው? እኔ ተቀብዬው ነበር እኮ።»

«አንተስ ለምን ዋሸህ?»

«አንቺ ያለ ክለቡ ምን ትሆኛለሽ ብዬ ነዋ። እኔ ዘንድሮ ባልወዳደር አልሞትም።»

ወደ መንገዱ እያየ ነው ያለው። እኔም ወደ መንገዱ እያየሁ ነገርኩት። ስህተት አይደለም፣ መልቀቂያ አዘጋጂልኝ ስትለኝ ሰምቻለሁ፣ እንዳትሄድብኝ ፈልጌ ነው የፈረምኩት አልኩት። ለክለቡ አይደለም፣ ለእኔ ነው።

የራስ ቁሩን ማሰሪያ ፈታ፣ ደግሞ አሰረው።

«በዚያ እራት ላይ ብትይኝ ኖሮ አልሄድም ነበር» አለ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ለሰዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ። አጭበርባሪ ነው ስባል የጠበቁኝ እነሱ ናቸው፤ ጥዬ አልሄድም።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ ምን ይባላል? ልክ ነው። ቃሉን ጥሎ የሚሄድ ሰው ቢሆን ኖሮ አልወደውም ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ተነሳሁ፣ እሱም ተነሳ። በሩ ተከፍቶ አንድ እግሬን ካስገባሁ በኋላ ነው የተናገረው፤ ሾፌሩም ሰምቷል።

«ፌዶራ፣ የአንድ ዓመት ፈቃድ እኮ ነው። ዲሴምበር 31 ያልቃል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ቀን ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ፤ እንዳትረሱ፣ እንዳያልፍባችሁ እያልኩ። አውቶቡሱ ውስጥ በጣቴ ቆጠርኩት። ስምንት ወር ከዘጠኝ ቀን ነው።